አለቃ የሌለው ሥራ፦ የምድርን ማግኔት በአንድ ሰዓት ለመለካት የተጻጻፉ ሰዎች (የጉዳይ ጥናት)

## ጉዳዩ በአጭሩ

ይህን ጉዳይ የመረጥኩት ሥራው አለቃ ሳይኖረው ስለተሠራ ነው። ከካናዳ እስከ ታዝማኒያ (ከአውስትራሊያ በስተ ደቡብ ያለችው ደሴት) የነበሩ ሰዎች በአንድ ደቂቃ ላይ የማግኔት መርፌ አንብበው ቁጥሩን በአንድ ዓይነት ሠንጠረዥ ጽፈዋል። ሁሉንም ያዘዘ አንድ መንግሥት አልነበረም። የጋራ ጽሕፈት ቤት የለ፣ የጋራ በጀት የለ። የነበረው ደብዳቤ ነው። ያውም ከአውሮፓ ተነስቶ ታዝማኒያ ለመድረስ ወራት የሚፈጅ ደብዳቤ።

ዘመኑ በግምት ከ1828 እስከ 1852 ነው፤ ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው። በየጣቢያው ሌሊቱን ሲቆጥሩ ያደሩትን ሠራተኞችና ወታደሮች በስም አልጠራም። የምጠራቸው ተጻጻፊዎቹን ነው፤ እነሱ የአደባባይ ሰዎች ናቸው።

## ዳራ

የኮምፓስ መርፌ በትክክል ወደ ሰሜን አይጠቁምም። ትንሽ ያፈነግጣል፤ የሚያፈነግጥበት መጠን ደግሞ ከቦታ ቦታ ይለያያል። እዚያው አንድ ቦታ ላይ እንኳ ከዓመት ዓመት ቀስ እያለ ይቀየራል። በቀን ውስጥም ወዲህ ወዲያ ይላል። አንዳንዴ ደግሞ በድንገት ለሰዓታት ይንቀጠቀጣል።

ለመርከበኛ ይህ ቀልድ አይደለም። መርከቦች ከብረት መሠራት ሲጀምሩ ደግሞ ጣጣው በረታ። በ1838 የእንግሊዙ የግሪንዊች ኦብዘርቫቶሪ (የመመልከቻ ጣቢያ) ኃላፊ ጆርጅ ኤሪ ሬይንቦው የተባለች የብረት መርከብ ላይ ወጥቶ ኮምፓሷ የሚታረምበትን መንገድ ሲፈልግ የነበረው ለዚህ ነው። መንግሥታት ስለ ማግኔት የሚጻፍላቸውን ደብዳቤ የሚያነቡበት ምክንያት ነበራቸው።

ነገሩን ቀድሞ የያዘው ጀርመናዊው ተጓዥና የተፈጥሮ ተመራማሪ አሌክሳንደር ፎን ሁምቦልት ነው። ከ1799 እስከ 1804 በደቡብና በመካከለኛው አሜሪካ ሲጓዝ የማግኔት ኃይል ከምድር ወገብ አካባቢ ወደ ዋልታዎች እየጨመረ እንደሚሄድ ለካ። ከዚያ በርሊን ተመልሶ ከአንድ ባልደረባው ጋር ሌሊት ሌሊት መርፌ ሲያይ ያነጋ ጀመር። በዲሴምበር 1806 የሰሜን ብርሃን በሰማይ ሲታይ መርፌው ክፉኛ ተናወጠ። ሁምቦልት ይህን «መግነጢሳዊ ማዕበል» አለው፤ ስሙ እስከ ዛሬ አለ። በ1828 ደግሞ በባንክ ባለቤቱ አብርሃም ሜንደልሶን ግቢ (የሙዚቃ ደራሲው የፌሊክስ ሜንደልሶን አባት ነው) አንዲት ትንሽ ቤት አሠራ። ቤቷ ውስጥ አንዲት የብረት ምስማር አልነበረችም።

## ችግሩ

በርሊን ላይ መርፌው ተናወጠ። እሺ፣ ምን ይሁን? የተናወጠው በርሊን ብቻ ነው ወይስ ፓሪስም? ወይስ ምድር በሙሉ? አንድ ሰው አንድ ቦታ ቁጭ ብሎ ዕድሜውን ቢጨርስ ይህን አያውቅም። ሌላው ሰው ሌላ ቦታ፣ በዚያው ቅጽበት ማየት አለበት።

እዚህ ላይ ሦስት ነገር አብሮ ገጠመ። አንደኛው ሰዓት ነው። ያኔ እያንዳንዱ ከተማ ቀትሩን የሚቆጥረው በራሱ ፀሐይ ነበር። ውጭ ካለ ዘመዱ ጋር «ሦስት ሰዓት ላይ ደውልልኝ» ተባብሎ የተላለፈ ሰው ችግሩ ወዲያው ይገባዋል። ሁለተኛው መሣሪያ ነው፤ የአንዱ መርፌ የሌላውን አይመስልም፣ የአንዱም ቁጥር ከሌላው ጋር አይነጻጸርም። ሦስተኛው ሥልጣን ነው። ሁምቦልት ስመ ጥር ነው፤ ግን የፓሪሱን ኦብዘርቫቶሪም ሆነ የሩሲያውን የማዕድን መሥሪያ ቤት ማዘዝ አይችልም።

## የመጀመሪያው ሙከራ

ሁምቦልት የጀመረው ከሚያውቃቸው ነው። ፓሪስ ላይ ወዳጁ ፍራንስዋ አራጎ መርፌ ይመለከት ነበር። ፍራይበርግ ላይ ከመሬት በታች፣ የማዕድን ጉድጓድ ውስጥ የሚለካ ተገኘ። በ1829 የሩሲያው ንጉሠ ነገሥት ጋብዘውት ሳይቤሪያ ድረስ ሲሄድ አጋጣሚውን አላባከነውም። የሴንት ፒተርስበርግ አካዳሚን በሰፊው ግዛት ላይ ጣቢያዎች እንዲተከሉ ጠየቀ። አዶልፍ ኩፕፈር የተባለው ሳይንቲስት ጉዳዩን ከልቡ ያዘው። እያደረም የሩሲያ የጣቢያዎች ሰንሰለት በየካተሪንበርግ፣ በባርናውልና በኔርቺንስክ አልፎ ፔኪንግ (የዛሬዋ ቤይጂንግ) ደረሰ።

ሰዎቹ በተቀጠሩት ቀን በየሰዓቱ ያነቡ ነበር። ችግሩ ሰዓቱ ራሱ ሰፊ መሆኑ ነው። ማዕበል በአሥር ደቂቃ ውስጥ ወጥቶ ሊወርድ ይችላል። በየሰዓቱ የሚያነብ ሰው ያ ሁሉ ያመልጠዋል።

## ጎቲንገን ሥራውን ሲረከብ

በ1828 በርሊን ላይ የተፈጥሮ ተመራማሪዎች ትልቅ ስብሰባ ነበር። የሒሳብ ሊቁ ካርል ፍሪድሪክ ጋውስ መጥቶ ያረፈው ሁምቦልት ቤት ነው። ቪልሄልም ቬበር ከሚባለው ወጣት የፊዚክስ ሰው ጋርም የተዋወቀው በዚያው ሰሞን ነው። ቬበር በ1831 ጋውስ በሚሠራበት በጀርመኑ የጎቲንገን ዩኒቨርሲቲ ተቀጠረ፤ ከዚያ በኋላ ሁለቱ ለዓመታት አብረው ሠሩ። ጋውስ በማግኔት ላይ ያለው ፍላጎት ከበርሊኑ ጉብኝት እጅግ እንደሚቀድም ይናገር ነበር። እውነቱን ነው፤ ግን ሁምቦልት ነካክቶታል ብሎ ማሰብም ስህተት አይመስለኝም። ትልልቅ ሰዎች «ሐሳቡ የማን ነው?» በሚለው ላይ እንደ ማንኛውም ሰው ይከፋቸዋል።

በ1832 ጋውስ ከባዱን ነገር ፈታ። የማግኔትን ኃይል በርዝመት፣ በክብደትና በጊዜ መለኪያ ብቻ የሚገልጽ ዘዴ አወጣ። ከዚያ ወዲያ አንድ ሰው ውጤቱን ለመናገር «በእኔ መርፌ» ማለት አላስፈለገውም። በ1833 ብረት የሌለበት የማግኔት ኦብዘርቫቶሪ ጎቲንገን ላይ ተሠራ። የሚለካው ማግኔት ላይ መስታወት ይታሰራል፤ ተመልካቹ ራቅ ብሎ በቴሌስኮፕ የቁጥር ዘንጉን በመስታወቱ ውስጥ ያነባል። የማግኔቱ ጥቂት መዞር እንኳ ጎልቶ ይታያል።

እኔን የሚገርመኝ ግን መሣሪያው አይደለም። ጋውስና ቬበር ለተባባሪዎቻቸው የላኩት የሥራ ውል ነው። ቀኖቹ አስቀድመው ይታወቃሉ። በተባለው ቀን 24 ሰዓት ሙሉ በየአምስት ደቂቃው ይነበባል። ይህ በአንድ መሣሪያ ብቻ 288 ንባብ ነው። ሰዓቱ ለሁሉም የጎቲንገን ሰዓት ነው፤ ሚላንም ሁን ኡፕሳላ፣ ሰዓትህን በጎቲንገን ትሞላለህ። ውጤቱን ወደ ጎቲንገን ትልካለህ፤ እነሱ የሁሉንም መስመር በአንድ ገጽ ላይ ደራርበው ስለው ያትሙታል። ኅትመቱ ከ1837 እስከ 1843 በስድስት ቅጽ ወጣ። ገጹን የገለጠ ሰው ማስረጃ አይጠይቅም። በተለያየ ከተማ የተሳሉት መስመሮች ትንንሾቹን ጉብታዎች ሳይቀር ተከትለው ይወጣሉ፣ ይወርዳሉ።

የላከው ቁጥር ታትሞ ያየ ሰው ለሚቀጥለው ቀጠሮም ይቀመጣል። ደመወዝ ለማይከፈለው ተባባሪ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

## ለመስፍኑ የተጻፈው ደብዳቤ

አውሮፓ ተሸፈነ፤ ሩሲያም በራሷ መንገድ ገባች። ውቅያኖሱና ደቡቡ ንፍቀ ክበብ ግን ባዶ ነበር። እዚያ መሬት ያላት እንግሊዝ ናት።

በኤፕሪል 1836 ሁምቦልት ለሳሴክስ መስፍን ጻፈ። መስፍኑ የንጉሥ ጆርጅ ሣልሳዊ ልጅና የለንደኑ የሮያል ሶሳይቲ (የሳይንቲስቶች ማኅበር) ፕሬዚዳንት ነበሩ። መስፍኑም ሁምቦልትም በወጣትነታቸው ጎቲንገን ተምረዋል። ስለዚህ ደብዳቤው ባዳ ለባዳ የጻፈው አይደለም።

ይህን ደብዳቤ እርዳታ የሚጠይቅ ሁሉ ቢያጠናው ይጠቀማል። ሁምቦልት «ሳይንስን ደግፉ» ብሎ አላቆመም። ቦታ ቆጠረ፦ ካናዳ፣ ሴንት ሄሌና፣ ኬፕ (የደቡብ አፍሪካ ጫፍ)፣ ሲሎን (የዛሬዋ ስሪላንካ)፣ ጃማይካ፣ ሞሪሸስ፣ አውስትራሊያ። ሩሲያ እስከ ፔኪንግ የዘረጋችውንም ሰንሰለት ተረከ። ይህ የኋለኛው በጨዋ አነጋገር የተጠቀለለ ቆንጠጥ ማድረግ ነው፦ እነሱ ይህን ያህል ሲሄዱ እናንተ የት ናችሁ? ለራሱ ገንዘብ አልጠየቀም። ደብዳቤው ለአንድ ሰው ይጻፍ እንጂ የታሰበው ለብዙ አንባቢ ነበር፤ ብዙም ሳይቆይ ታተመ።

ሮያል ሶሳይቲ ደብዳቤውን እንዲመረምሩ ለኤሪና ለሳሙኤል ክሪስቲ ሰጠ። እነሱም ደግፈው ጻፉ። ከዚያስ? ከዚያማ ምንም። ሁለት ዓመት ያህል ተንጠለጠለ።

## ከድጋፍ ወደ ገንዘብ

መካከለኛ ሰው የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው። ኤድዋርድ ሳቢን የመድፈኛ መኮንን ነበር፤ ማግኔት ለእሱ ከሥራ አልፎ አባዜ ሆኖበታል። ሃምፍሪ ሎይድ ደብሊን ላይ የትሪኒቲ ኮሌጅ መምህር ነው፤ የመሣሪያውን ነገር የሚያውቀው እሱ ነው። ሁለቱ ቀደም ብለው የብሪታንያን ደሴቶች ማግኔት አብረው ለክተዋል። የጎደላቸው ሚኒስትር ፊት የሚደመጥ ስም ነበር።

ስሙ በ1838 ከኬፕ መጣ። የሥነ ፈለኩ ሰው ጆን ሄርሽል የደቡቡን ሰማይ አጥንቶ ሲመለስ ታዋቂነቱ ጣራ ነክቶ ነበር። በኦገስት 1838 የብሪታንያ የሳይንስ ማኅበር ኒውካስል ላይ ተሰብስቦ ለመንግሥት የሚቀርብ ውሳኔ አወጣ፤ የኮሚቴው አፍ ሄርሽል ሆነ። ጠቅላይ ሚኒስትር ሜልበርን ዘንድ ቀረቡ። በ1839 መንግሥት እሺ አለ።

ጥያቄው ሁለት ነገር አጣምሮ ነበር የቀረበው፦ ወደ አንታርክቲክ የሚሄድ የባሕር ኃይል ጉዞና ቋሚ ጣቢያዎች። ጉዞው የአገር ክብር አለው፤ ጋዜጣ ያወራለታል። ጣቢያዎቹ ግን አሰልቺ ናቸው። ብቻቸውን ቢቀርቡ ይሳካላቸው ነበር ብዬ አላምንም። ሌላው ብልሃት ሠራተኛው ነው። ጣቢያዎቹን እንዲይዙ የተመደቡት የመድፈኛ መኮንኖችና ወታደሮች ናቸው። ደመወዛቸው ድሮም ከሠራዊቱ ነው፤ ሌሊት ተረኛ መሆንም አዲስ አይሆንባቸውም።

መኮንኖቹን ሎይድ ደብሊን ላይ አሠለጠናቸው። በ1839 መገባደጃ ደግሞ እሱና ሳቢን ጎቲንገን ድረስ ሄደው ከጋውስና ከቬበር ጋር ተስማሙ። እንግሊዞቹ መሣሪያውን በራሳቸው መንገድ አሳንሰው ሠሩ። ሰዓቱን ግን አልነኩትም፤ የጎቲንገን ሰዓት እንደነበረ ቀረ። ደብዳቤ ዓለምን እስኪዞር ስለማይጠበቅ የንባቡ ቀኖችና መመሪያው አስቀድመው ታትመው ተላኩ።

## ሥራው በየቦታው

በጄምስ ክላርክ ሮስ የሚመሩት ኢሬበስና ቴረር የተባሉት መርከቦች በ1839 ተነሱ። ሮስ በ1831 የሰሜኑን መግነጢሳዊ ዋልታ ያገኘ ሰው ነው። በመንገዳቸው የሴንት ሄሌናንና የኬፕን ሠራተኞች አደረሱ። በ1840 ሆባርት ሲደርሱ የታዝማኒያው ገዥ ጆን ፍራንክሊን እስረኞችን አሰልፎ ኦብዘርቫቶሪውን በቀናት ውስጥ አስገነባው። አራተኛው ጣቢያ ቶሮንቶ ነው። የኢስት ኢንዲያ ኩባንያ ደግሞ ሲምላን፣ ማድራስን፣ ቦምቤይንና ሲንጋፖርን ጨመረ።

በጎቲንገን እኩለ ሌሊት ሲሆን ቶሮንቶ ላይ በእኛ አቆጣጠር ከምሽቱ 12 ሰዓት ገደማ ነው፤ ሆባርት ላይ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ይሆናል። አንዱ እራቱን ትቶ፣ ሌላው ከእንቅልፉ ተነስቶ፣ ሦስተኛው ሥራ ሲጀምር ያችኑ ደቂቃ ይጠብቃሉ።

ፍሬው ቶሎ ታየ። ሜይ 29 ቀን 1840 የጋራ ንባብ ቀን ነበር። የሮስ ሰዎች ያኔ በደቡብ ሕንድ ውቅያኖስ፣ በኬርጌለን ደሴት ላይ ነበሩ። በዚያ ቀን ማዕበል ተነሳ። ኋላ ቁጥሮቹ ከቶሮንቶ ጋር ሲተያዩ መርፌዎቹ በሁለቱም ቦታ በአንድ ጊዜ ታውከው ተገኙ። ቶሮንቶና ኬርጌለን በምድር ሉል ላይ ከሞላ ጎደል ተቃራኒ ጫፍ ላይ ናቸው። «በርሊን ብቻ ነው ወይስ ምድር በሙሉ?» ለሚለው ጥያቄ ከዚህ የበለጠ መልስ አይገኝም።

## የሠራውና ያልሠራው

ሰዓቱና ሠንጠረዡ ሠርተዋል። መሣሪያዎቹ ግን እኩል አልሆኑም። የመርፌውን አቅጣጫ የሚያሳየው ጥሩ ነበር። ወደ ታች የሚስበውን ኃይል እንዲለካ የተሠራው እንደ ሚዛን የተቀመጠ ማግኔት ግን ከጅምሩ እስከ መጨረሻ አስቸገረ። ሙቀት ሲለወጥ ንባቡም ይለወጣል፤ እርማቱ ራሱን የቻለ ሌላ ሥራ ሆነ። ሴንት ሄሌና ላይ ደግሞ ደሴቱ እሳተ ገሞራ የወለደው ነው፤ ድንጋዩ ራሱ ማግኔትነት አለው።

ትልቁ ጉድለት ግን ከንባብ በኋላ ያለው ነው። ቁጥሩ እንደ ጎርፍ መጣ። ሳቢን ለንደን አጠገብ ባለው የመድፈኞች ሰፈር፣ ዉሊች ላይ፣ ቁጥር የሚያሰሉ ሰዎች ቢሰበስብም ቅጾቹ ለመውጣት ዓመታት ፈጁ፤ የ1840ዎቹ ንባብ በ1850ዎቹም ገና እየታተመ ነበር። ዕቅዱ መጀመሪያ ለሦስት ዓመት ነበር፤ ከዚያ ተራዘመ። በ1845 ካምብሪጅ ላይ ጉባኤ ተጠራ። ኩፕፈርና የፕራጉ ካርል ክራይል ሳይቀሩ መጥተው ይቀጥል ወይስ ይቁም በሚለው ላይ ተነጋገሩ።

ጎቲንገንን የመታት ፖለቲካ ነው። በ1837 የሃኖቨር ንጉሥ ኤርንስት አውጉስት ሕገ መንግሥቱን ሲሽር ሰባት ፕሮፌሰሮች ተቃወሙ፤ ሰባቱም ተባረሩ። ከነሱ አንዱ ቬበር ነው። የሚያስቀው (የሚያሳዝነውም) ንጉሡ የዚያው የሳሴክስ መስፍን ወንድም መሆኑ ነው። አንዱ ወንድም የማግኔት ደብዳቤ ሲቀበል ሌላው የማግኔቱን ሰው ከሥራ አባረረ። ቬበር ጥቂት ዓመት እዚያው ቆይቶ በ1843 ላይፕዚግ ሄደ። የጎቲንገኑ ኅትመትም በዚያው ዓመት አበቃ።

## ያልተጠየቀው ጥያቄ መልስ

ደሳው በምትባል የጀርመን ከተማ ሃይንሪሽ ሽቫቤ የተባለ መድኃኒት ቀማሚ ከ1826 ጀምሮ በፀሐይ ላይ የሚታዩትን ነጠብጣቦች ይቆጥር ነበር። በየአሥር ዓመቱ ገደማ በዝተው እንደሚያንሱ አስተዋለ። ብዙ ሰው አላዳመጠውም። ሁምቦልት ግን «ኮስሞስ» በተባለው መጽሐፉ ሦስተኛ ቅጽ ላይ ሠንጠረዡን አወጣው። መጽሐፉን ወደ እንግሊዝኛ የምትተረጉመው ደግሞ የሳቢን ባለቤት ኤልሳቤጥ ሳቢን ነበረች። የጋውስንም የማግኔት ንድፈ ሐሳብ የተረጎመችው እሷ ናት። የፀሐዩ ሠንጠረዥ እንዲህ ሆኖ ሳቢን ቤት ገባ። ጠረጴዛው ላይ የቶሮንቶና የሆባርት ማዕበሎች ቆጠራ ነበረ። በ1852 ሁለቱ አብረው እንደሚወጡና እንደሚወርዱ አሳወቀ። ሙኒክ ላይ ዮሃን ላሞንት በ1851 በመርፌው የቀን ውዝዋዜ ላይ ተመሳሳይ ዑደት አግኝቶ ነበር፤ ስዊዘርላንድ ውስጥም ሩዶልፍ ቮልፍ ለብቻው እዚያው መደምደሚያ ላይ ደረሰ። ጣቢያዎቹ ሲተከሉ ፀሐይን ይመለከታሉ ብሎ ያሰበ አልነበረም።

## ለሌላ ሥራ የሚወሰድ

በንድፈ ሐሳብ መስማማት የግድ አይደለም። ሳቢን ምድር አራት የማግኔት ዋልታ አላት ወደሚለው ወደ ኖርዌዩ ሃንስቴን ያዘነብል ነበር፤ ጋውስ ደግሞ በ1839 ያሳተመው ከዚያ የተለየ ነው። ሰዓቱና ሠንጠረዡ ላይ ስለተስማሙ ግን ሥራው አልቆመም። ብዙ የጋራ ፕሮጀክት ግን ስለ ዓላማ ሲከራከር ይከርምና ቅጹን መጨረሻ ላይ በጥድፊያ ያዘጋጃል።

ትልቅ ስም በር ይከፍታል፤ ከዚያ በኋላ በየጊዜው ተመልሶ የሚያንኳኳ ሰው ካልተገኘ በሩ ተመልሶ ይዘጋል። የሁምቦልት ደብዳቤ ያለ ሳቢንና ሎይድ ክትትል ፋይል ሆኖ ይቀር ነበር። መረጃ የሚሰበስብ ሰው ሲቀጠር የሚያሰላውም አብሮ ይቀጠር፤ ዉሊች ላይ የተፈጠረው መጨናነቅ ዛሬም በየጥናቱ አለ። የጎቲንገኑ ኅብረትም ሁለት ሰዎች ላይ ቆሞ ነበርና አንዱ ሲሄድ አላገገመም።

የመጨረሻው የካርታው ነገር ነው። ጣቢያ የተተከለው ሳይንሱ በጠየቀው ቦታ ሁሉ ሳይሆን ባንዲራ ባለበት ነው። በዚያው ሰሞን ፈረንሳዊው ተጓዥ አንትዋን ዳባዲ አገራችን ነበር። በ1836 የተላከው የመርፌውን የቀን ውዝዋዜ እንዲያይ ወደ ብራዚል ነው፤ ከዚያ መጥቶ እስከ 1848 ኢትዮጵያን ሲለካ ኖረ። ሙያውም ሰውየውም እዚህ ነበሩ ማለት ነው፤ ቋሚ ጣቢያ ግን አልነበረም። መግነጢሳዊው የምድር ወገብ በአዲስ አበባ አቅራቢያ የሚያልፍ በመሆኑ ቦታው ለዚህ ሥራ እጅግ ተፈላጊ ነው። ቋሚ ንባብ የተጀመረው ግን የ1957–58ቱ ዓለም አቀፍ የጂኦፊዚክስ ዓመት ሲመጣ፣ በዩኒቨርሲቲ ኮሌጁ የጂኦፊዚክስ ኦብዘርቫቶሪ ሲቋቋም ነው። የመጀመሪያው ኃላፊ ካናዳዊው የኢየሱሳውያን ማኅበር አባል አባ ፒየር ጉዌን ነበሩ። ኦብዘርቫቶሪው አራት ኪሎ ይገኛል፤ መረጃውንም ከሌሎች አገሮች ጣቢያዎች ጋር በአንድ የጋራ ሰዓት ይለዋወጣል።